በመቀነት ያለው ገንዘብና በስልክ ያለው ገንዘብ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ ከ2000 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች አንዷ፣ በሰቆጣ የምትሠራ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ያቀረበችው ንግግር፤ ለዚህ የዓመት መጽሐፍ ሲባል በመጠኑ የታረመ)



በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚህን ጉባኤ መመዝገቢያ የከፈልኩት ሰቆጣ ቤቴ ውስጥ፣ ከአዳር ሥራ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ስልኬን አወጣሁ፣ ወደ ማኅበሩ አካውንት ላክሁ፣ ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ላይ ለጠፍሁ። "ደርሷል ዶክተር፣ እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወደዚህ ስመጣም የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምሳውን ሁሉ የከፈልኩት በስልክ ነው። ወልድያ ላይ ሻንጣዬን የጫነው ልጅ ብቻ "እትዬ፣ የኔ ካሽ ነው" አለኝ። ቦርሳዬን ብበረብር አንዲት ዝርዝር የለችም። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ከፈሉልኝ። ሐኪም ነኝ፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ አካውንቴ ውስጥም ገንዘብ አለ፤ ለዚያች ደቂቃ ግን ድሃ ነበርኩ።

በ1993 ዓ.ም. ከሰቆጣ ወደ ጎንደር ለትምህርት ስመጣ ነገሩ ሌላ ነበር። በኮረም ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ከዚያ ጎንደር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የተነሣሁ ዕለት ማለዳ እናቴ መቀነቷን ፈታች። ከመቀነቷ ጫፍ ካለው ቋጠሮ የቅቤና የእንቁላል ገንዘቧን አወጣች፤ የተጣጠፈ አንድ ብር፣ አምስት ብር፣ ጥቂት ሳንቲም። አባቴ የመንገዱን አስቀድሞ ሰጥቶኝ ነበር። እሷ የሰጠችኝን እሱ አላወቀም፤ አልጠየቀምም። የመቀነት ገንዘብ አይጠየቅም። "ይቺ የክፉ ቀን ናት፤ ዝም ብለሽ እንዳትነኪያት" ብላ ከቀሚሴ ገበር ውስጥ ሰፋችልኝ። ያቺ ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ በአናቶሚ ፎቶ ኮፒ አለቀች። የባቼ ልጆች እንደምትመሰክሩልኝ አናቶሚ በእርግጥ ክፉ ቀን ነበር።

ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው ትምህርት ቤታችን ስንወጣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር። አገሩም እንደዚሁ በእጃችን ላይ ተለውጧል። ዛሬ የምናገረው ከለውጦቹ አንዱን ይመለከታል፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ ስልክ ስለ መግባቱ። "የማህፀን ሐኪምን ስለ ባንክ ምን አገባት?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ላስረዳ።

ሰቆጣና ገንዘብ

ሰቆጣ ለገንዘብ ለውጥ እንግዳ አይደለችም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከአርሆ የሚቆረጠው ጨው ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። ያ የጨው ቡና ቤት የማይጠፋ ቅመም ብቻ አልነበረም፤ አሞሌ ገንዘብ ነበር። በአሞሌ እህል ይገዛ ነበር፣ ከብት ይገዛ ነበር። ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይሟሟል። አያቶቻችን ገንዘባቸውን ከዝናብ ይደብቁ ነበር ማለት ነው።

ከአሞሌ ጎን ጠገራ ብር፣ የማርያ ትሬዛው ነበር። በየትኛውም ዘመን ቢታተም በላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት የሰፈረበት። የአገራችን ነጋዴ ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ በምስሏ ላይ ያሉትን የጌጥ ነጥቦች ቆጥሮ፣ አንኳኩቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ነው። ዛሬ ሰቆጣ ገበያ ላይ ጤፍ የምትሸጥ ሴት "ልኬያለሁ" የሚላትን ሰው ስክሪንሾት አታምንም። "ቆይ የኔ ስልክ ይጩህ" ትላለች። ነጥብ መቁጠር ማለት ይኸው ነው።

የቅርቡን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቱ ተለወጠ፣ 200 ብር መጣ፤ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ተጠቃሚው ከ40 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ሲቢኢ ብር ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኤምፔሳ ተጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረና በስልክ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከራይድና ከፈረስ ሾፌር ጋር "በምን ልክፈል?" ብላችሁ መነጋገር ከጀመራችሁ ቆይታችኋል። እኛም ዘንድ የሱቁ ግድግዳ ላይ በካርቶን የተጻፈ፣ በ1000 የሚጀምር የንግድ ባንክ አካውንት ቁጥር የሌለበት ሱቅ እየጠፋ ነው።

ሦስቱ መዘግየቶች

አሁን ወደ ሙያችን ልግባ። እዚህ አዳራሽ ያለ የሕክምና ሰው ሁሉ ሦስቱን መዘግየቶች በቃሉ ያውቃል። ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያስረዱ ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንደኛው፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን ድረስ የሚባክነው ጊዜ። ሁለተኛው፣ በመንገድ የሚባክነው። ሦስተኛው፣ ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪሰጥ ድረስ የሚባክነው።

ሦስቱንም ብታዩዋቸው በእያንዳንዱ ውስጥ ገንዘብ አለ። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ከክፍያ ነፃ መሆኑ እውነት ነው፤ ትልቅ ነገርም ነው። ነገር ግን አምቡላንስ በሌለበት ሰዓት የሚከራየው መኪና ነፃ አይደለም። ከመድኃኒት ቤታችን ያለቀው መድኃኒት ነፃ አይደለም። የአስታማሚ ምግብ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት ነፃ አይደለም። ስለዚህ በዋግ ደጋ "እንሂድ ወይስ እንቆይ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ "የገበያ ቀን መቼ ነው?" የሚል ጥያቄ ነው። ፍየሏ የምትሸጠው በገበያ ቀን ነዋ።

ሥራ ስጀምር በየታካሚው ካርድ ላይ ደጋግሜ የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ቤተሰብ ገንዘብ ሊያመጣ ሄዷል።" አንዳንዱ በማግስቱ ይመለሳል። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን። ያልተመለሰም አለ።

አሁን አንድ ደግ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። አንዲት ወጣት እናት በሰላም ወለደች። ደሟ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጇ ፖዘቲቭ። ሾተላይ እንዳይመጣባት በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ መውጋት አለባት። በከተማችን የለም። ስንደዋውል ወልድያ አንድ መድኃኒት ቤት ተገኘ። ዋጋው ለዚያ ቤተሰብ የሦስት ፍየል ዋጋ ነው። ባልየው በእጁ ያለው የመመለሻ ብቻ ነው። ግን አዲስ አበባ በግንበኝነት የሚሠራ ወንድም አለው። ደወለለት። ወንድምየው ከሥራ ቦታው ሳይንቀሳቀስ ገንዘቡን ለመድኃኒት ቤቱ በስልክ ላከ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ብልቃጡን በበረዶ በተሞላ ፔርሙስ ውስጥ አድርጎ ሌሊት ለሚነሣ የሚኒባስ ሾፌር ሰጠ። ሾፌሩም ክፍያው በስልክ ደረሰው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፔርሙሱ እጄ ገባ፤ ስከፍተው በረዶው ገና አልሟሟም። ከወለደች 51ኛው ሰዓት ላይ ወጋናት።

በድሮው መንገድ ቢሆንስ? ገንዘቡ በሰው እጅ ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ ሰው ይፈለጋል፣ አደራ ይባላል። ከዚያ አንድ ሰው ወልድያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። 72 ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚያች ሴት ላይ የሚደርሰውን የምናየው ደግሞ ያን ጊዜ ሳይሆን በሚቀጥለው እርግዝናዋ፣ ምናልባትም የሞተ ልጅ ስትወልድ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ዊልያም ጃክና ታቭኒት ሱሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሕመምም ሆነ ሌላ ድንገተኛ ችግር ሲገጥም ኤምፔሳ የማይጠቀመው ቤተሰብ የፍጆታ ወጪው በ7 በመቶ ያሽቆለቁላል፤ የሚጠቀመው ግን አይነካም። ምክንያቱ ከሩቅ ዘመድ ገንዘብ ቶሎ ስለሚደርሰው ነው። እዚህ ላይ የኛ አገር ተረት ትዝ ይለኛል፤ "ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ" ይባላል። አሁን ገንዘቡ ራሱ በሰማይ የሚሄድ ሆነ።

ገንዘብ እያለ ገንዘብ ማጣት

ሁለተኛው ታሪክ ግን ደግ አይደለም። ሰማዩ ሲዘጋ የሚሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ዋግ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው በደብተሩ ገንዘብ እያለው እንጀራ ይለምን ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ያለ ኢንተርኔት "ኮከብ 127 መሰላል" ብሎ ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር። ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን ኮከቡም መሰላሉም የትም አያደርሱም።

በ2016 ዓ.ም. ጥር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ የመጣች እናት በፒክ አፕ ተጭና መጣች። ምጧ ታግዷል። ስንከፍታት ማህፀኗ ተቀዶ ነበር። ልጁ አልተረፈም። እሷ ተረፈች፤ ማህፀኗን ግን አጣች። በ26 ዓመቷ።

እንዲህ ዓይነት ታካሚ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን አስቀምጬ ሰዓት በሰዓት የመጠየቅ ልማድ አለኝ። እዚሁ ትምህርት ቤት፣ ቆላድባ ለቲቲፒ በወጣን ጊዜ ነው የለመድኩት። ቁጭ ብዬ ጠየቅሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ጤና ጣቢያ ደረሰች። 5 ሰዓት ላይ አዋላጇ በትክክል አውቃው ሪፈር ጻፈች። የወረዳው አምቡላንስ ተበላሽቶ ቆሟል። 6 ሰዓት ላይ የሚከራይ ፒክ አፕ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ለኛ አገር ክፉ አይደለም።

ባለ መኪናው "ነዳጅ የለኝም፤ ግዙልኝና ልነሣ" አለ። በዚያች ትንሽ ከተማ ማደያ የለም። ነዳጅ የሚሸጠው በጄሪካን ነው። ማደያው "በስልክ ብቻ" ይላል፤ ጄሪካኑ ደግሞ "በካሽ ብቻ" ይላል። ባልየው ገንዘብ አላጣም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወይፈን ሸጧል። ነጋዴው የከፈለው ግን በስልክ ነው፤ ገንዘቡ እስካሁን ስልኩ ውስጥ ነው። ኔትወርኩ ከጠፋ ቀን አልፎታል። ወደ ወኪሉ ሱቅ ሮጠ። ወኪሉ "ኔትወርክ ቢመጣም እኔ ዘንድ ያን ያህል ካሽ የለም" አለው። የሁለት ወይፈን ዋጋ በኪሱ ይዞ ጥቂት ሊትር ናፍጣ መግዛት አቃተው።

መጨረሻ ላይ መቀነታቸውን የፈቱት የሴቲቱ እናት ናቸው። 1,450 ብር ነበር። የቀረውን አዋላጇና የደብሩ ቄስ አዋጡ። መኪናው 9 ሰዓት ላይ ተነሣ። ከ6 እስከ 9፤ ሦስት ሰዓት።

ያ ሦስት ሰዓት ባይባክን ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ ብትሉኝ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ማህፀኗ መቼ እንደተቀደደ አላውቅም። ሐኪሞች ናችሁ፤ ትረዱኛላችሁ። ነገር ግን ከሦስቱ መዘግየቶች ይህ የትኛው ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በመጽሐፉ ሁለተኛው ነው፤ መንገድ ላይ ነው። ድህነት ነው እንዳልል ገንዘብ ነበራቸው። ቤተሰቡ ወስኗል፣ አዋላጇ አውቃለች፣ መኪናው ቆሟል፣ ነዳጁ ጄሪካኑ ውስጥ አለ፣ ገንዘቡም አለ። ገንዘቡ ብቻ አልወጣ አለ። ስማር ይህን የሚገልጽ ቃል አላስተማሩኝም፤ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ቃል የለኝም።

ስልኩ የማን ነው?

ከዚያ ቀን በኋላ ታካሚ ስመረምር አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። "ስልኩ የማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ነገር ያስተምራል።

"የባሌ ነው።" "የልጄ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዷል።" "የኔ ነው፤ ግን ቁጥሩን የሚያውቀው ልጄ ነው።" "የጋራ ነው።" የጋራ የሚባለው ስልክ ሲጠራ የሚያነሣው ሁልጊዜ ባል ነው።

ድሮ በዋግ ያለች ሴት ዶሮ ሸጣ፣ እንቁላል ሸጣ፣ ቅቤ ሸጣ የምታገኘው ጥቂት ብር መቀነቷ ውስጥ ይገባል። ማንም አይቆጥረውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ለሕፃኑ ሽሮፕ፣ ለራሷ ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃ፣ ለክፉ ቀን። ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ሆኖም ሴትየዋ ማንንም ሳታስፈቅድ "ልሂድ" የምትልበት ገንዘብ ናት። የመጀመሪያውን መዘግየት የምታሳጥረው እሷ ናት። አሁን እንቁላሉን የሚገዛው ነጋዴ "ቁጥር ስጪኝና ልላክልሽ" ሲላት የማንን ቁጥር ትሰጣለች? የባሏን። መልእክቱ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ ያውም በአማርኛ፤ እሷ ኽምጣንጋ ብቻ የምትናገር፣ ያልተማረች ልትሆን ትችላለች። ባልየው ክፉ ሰው መሆን የለበትም። ገንዘቡ ግን አሁን የሚታይ ሆኗል፤ የሚታይ ገንዘብ ደግሞ ይጠየቃል።

እውነቱን ለመናገር የተገላቢጦሹም አለ። አንዲት በስልክ ቁጠባ የጀመረች ሴት "መቀነቴን ሲሰክር ይፈታዋል፤ ስልኬን ግን አያውቅበትም" ብላኛለች። እንዲህ ያለችው ቁጥሯን ራሷ የምታውቅ፣ ማንበብ የምትችል ሴት ናት። ስለዚህ እንደኔ ዋናው ነገር ስልክ ወይም መቀነት መሆኑ አይደለም። ቋጠሮውን የምትፈታው እሷ ራሷ ናት ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ምሥጢሩ ራሱ ጥቂት አኃዝ ነው። አንድ ቀን ዋርድ ስዞር አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ዘረጉልኝ። "ልጄ፣ ልጄ ከጂዳ ልካልኝ ነበር፤ ገብቶ እንደሆነ እይልኝ" አሉና ቁጥሩን ዋርዱ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ነገሩኝ። "እማማ፣ ይህን ለማንም አይንገሩ፤ ለኔም አይንገሩኝ" አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። "አንቺ ሆዴን ከፍተሽ አይተሽ የለም? ይኼን ብታይው ምን ይሆናል?" አሉኝ። ዋርዱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን አሰብኩበት። የሕመምተኛን ምሥጢር ለመጠበቅ ምለናል። እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ ይህችም ቁጥር የመሐላው አካል ናት። ከሦስት ቀን በኋላ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ መስሎ የመጣ አንድ ልጅ የሌላ ታካሚ ገንዘብ አውጥቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነርሶቻችን ታካሚን ሲቀበሉ "ቁጥርዎን ጮክ ብለው አይናገሩ" ብለው በአማርኛም በኽምጣንጋም ይነግራሉ።

ምን እናድርግ?

ወደ ኋላ እንመለስ እያልኩ አይደለም። አንቲ ዲዋን በፔርሙስ ያመጣልኝን ነገር እንዴት እጠላለሁ? ሰቆጣ ሌላም ስም አላት፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ይባላል። ያ ቃል የሚጠበቀው እናቲቱ በእጇ በምታዝዘው ገንዘብ ለልጇ እንቁላል ማቆየት ስትችል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኛም ነው። አራት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

አንደኛ፣ በየተቋሙ በኃላፊነት ላይ ያላችሁ፣ የጥሬ ገንዘብ መስኮቱን አትዝጉ። ዘመናዊ ሆነናል ብለን "በስልክ ብቻ" የሚል ወረቀት ስንለጥፍ መጀመሪያ የሚመለሰው ከሁሉም ርቆ የመጣው ሰው ነው። ሌሊትም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም፣ በወረቀት ደረሰኝ የሚሠራ ሰው ይኑር። ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ በምንም መንገድ ክፍያ ሊጠብቅ አይገባም፤ ይህን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን። ተማሪዎቻችን የማኅበራዊ ሁኔታ ታሪክ ሲወስዱ "ሥራዎ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። "ስልኩ የማን ነው? ገንዘቡ ካስፈለገ በስንት ሰዓት እጅዎ ይገባል?" የሚለውን ይጨምሩ። ለቲቲፒ የሚወጡትም የጤና ጣቢያውን አካባቢ ካርታ ሲሠሩ ምንጩንና መጸዳጃውን እንደሚያመለክቱት ሁሉ የወኪሉን ሱቅ፣ ካሽ የሚኖርበትን ሰዓት፣ ኔትወርክ የሚይዝበትን ኮረብታ ያመልክቱ። ጥሩ የመመረቂያ ጥናትም ይወጣዋል። እኔ ዛሬ የነገርኳችሁ ገጠመኝ ነው፤ ልኩን የሚለካልን ሰው ያስፈልገናል።

ሦስተኛ፣ በባንክና በቴሌኮም የምትሠሩ የሌላ ፋኩልቲ ልጆች እዚህ አላችሁ። መልእክቱ በድምፅ ይምጣ፤ በኽምጣንጋም ይምጣ። ወኪሉም በገበያ ቀን ብቻ ሳይሆን በአዘቦት ቀን ካሽ እንዲኖረው አድርጉ።

አራተኛውና የመጨረሻው የኛ የ2000 ዓ.ም. ተመራቂዎች ጉዳይ ነው። ከዚያች እናት በኋላ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ታሪኩን ጻፍሁ። ጥቂት ልጆች አዋጡ። መዋጮው የመጣው በስልክ ነው፤ ከአሜሪካ የላካችሁም አላችሁ። እኔ ከባንክ አውጥቼ በጥሬው በሁለት ጤና ጣቢያዎች በብረት ሣጥን አስቀመጥሁት። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ አዋላጇ ዘንድ፣ ሌላው የአካባቢው ዕድር ሽማግሌ ዘንድ። ሁለቱ ሳይገናኙ አይከፈትም። ገንዘብ በስልኩ እያለው ማውጣት ያቃተው ሰው ለመኪና ወይም ለመድኃኒት ይወስዳል፣ በደብተር ይፈርማል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይመልሳል። ምንም የሌለው አይመልስም፤ አይጠየቅምም። እስካሁን ከተወሰደው አብዛኛው ተመልሷል። ችግርም አለበት። አንድ ጊዜ የሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ለቅሶ ሄደው ሣጥኑ ግማሽ ቀን ተዘግቶ ዋለ፤ ያን ጊዜም አዋላጇ ከራሷ ኪስ ነው ያወጣችው። አሁን ሦስተኛ ሰው ጨምረናል። ነዋሪዎቹ ሣጥኑን "መቀነት" ብለው ይጠሩታል፤ ስሙን ያወጣንለት እኛ አይደለንም።

እናቴ አሁንም ሰቆጣ ናት። በየወሩ ገንዘብ እልክላታለሁ። ገንዘቡ እንደገባ የጎረቤት ልጅ ይዛ ወኪሉ ዘንድ ትሄድና ታወጣዋለች፤ ከዚያ መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። "ስልክሽ ላይ ብትተዪው ምን አለበት?" ብያት ነበር። "ስልኩን ባትሪ ሲያልቅበት ለጎረቤት ነው የምልከው። መቀነቴን ለማን እልካለሁ?" አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

በሁለት ጤና ጣቢያ ጀምረናል፤ በዋግ ደጋ ገና ብዙ ጤና ጣቢያ አለ። መተባበር የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ በር ላይ እቆማለሁ። በስልክ መላክ ትችላላችሁ። ካሽ የያዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ሳልመለስ ስጡኝ፤ ሻንጣዬን ለሚጭነው ልጅም የሚሰጥ ዝርዝር ያስፈልገኛል።